በ1950ዎቹ የአሜሪካ አይሁዶች ልጅ ሲወለድም፣ ሲዳርም፣ ሰው ሲሞትም ገንዘብ የሚሰጡት ለምን ነበር?

ብራና፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው ኦሃዮ ነው። ሰፈራችን ባለ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የድሮ ወረቀቶችን ስካን በማድረግ በፈቃደኝነት አግዛለሁ። ሰሞኑን የደረሰኝ ሣጥን ከ1940ዎቹ አጋማሽ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ የታተሙ የአንድ ምኩራብ ቡሌቲኖች (ሳምንታዊ የዜና ወረቀቶች) የሞሉበት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ፊት ገጹ ላይ የሰንበት ጸሎት ሰዓትና የረቢው መልእክት አለ። እኔን የያዘኝ ግን የኋላው ገጽ ነው። ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ የስጦታ ዝርዝር አይጠፋበትም። አንዱ የልጅ ልጁን ባር ሚትስቫ (ወንድ ልጅ 13 ዓመት ሲሞላው የሚደረግ በዓል) ምክንያት አድርጎ ለጸሎት መጻሕፍት መግዣ ሰጥቷል። ሌላዋ ለእናቷ ሙት ዓመት ለመሠዊያው አበባ ሰጥታለች። ጎረቤት ከቀዶ ሕክምና ስለዳነ ለቤተ መጻሕፍቱ የሰጠ አለ። 25ኛ የጋብቻ ዓመት፣ ምረቃ፣ አዲስ ቤት መግባት፣ ልጅ ከውትድርና በሰላም መመለሱ፣ ሁሉም በስም ተጽፎ፣ ከጎኑ የሚሰጥለት ፈንድ ተጠቅሶ ይወጣል።

ገንዘቡ ትንሽ ነው። አብዛኛው ሀብታም አይደለም። ግን የቤተሰቡ ታሪክ ከስጦታው ሳይነጠል ይሄዳል። አንድን ቤተሰብ በቡሌቲኑ ብቻ ከግርዛት እስከ ቀብር መከተል ቻልኩ። ይህ ከየት መጣ? አሠራሩስ እንዴት ነበር? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

መምህሩ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። በሃይማኖት ታሪክ ትምህርት ዓመታት ስላሳለፍኩ የቻልኩትን ልበል።

ልማዱ አሜሪካ ውስጥ አልተጀመረም። በአይሁድ ሕግ ምጽዋት ሰውዬው ደስ ሲለው የሚሰጠው አይደለም፤ ግዴታ ነው። ከገቢ አሥራት ማውጣት የተለመደ መለኪያ ነው። የቤተሰብ ቀን ሲመጣ ደግሞ ያ ግዴታ ቦታና ሰዓት ያገኛል።

ከልደት ልጀምር። ወንድ ልጅ በ8ኛው ቀን ይገረዛል። ለእናቱ የመጀመሪያ ልጅ ከሆነ ደግሞ 30 ቀን ካለፈው በኋላ በ31ኛው ቀን የበኩር ቤዛ ይከፈልለታል። ዘኍልቍ ምዕራፍ 18 ላይ አምስት ሰቅል ይላል። አሜሪካ ያሉት ይህን ከብር በተሠሩ አምስት የዶላር ሳንቲሞች ያደርጉት ነበር። አባት ሳንቲሞቹን ከካህናት ዘር ለሆነ ሰው ይሰጣል። ስለዚህ ልጁ ገና የወር ልጅ እያለ በስሙ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ አልፏል ማለት ነው።

በ13 ዓመቱ ባር ሚትስቫ ይመጣል። ልጁ ኦሪት እንዲያነብ ይጠራል፤ አባት፣ አያት፣ አጎት ተራ በተራ ወደ መጽሐፉ ይወጣሉ። የወጣ ሁሉ ለምኩራቡ ወይም ለችግረኛ ቃል ይገባል። ለሴት ልጆች አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ባት ሚትስቫ የተደረገው በ1922 ኒው ዮርክ ነው፤ የረቢ መርዶክዮስ ካፕላን ልጅ ጁዲት ነበረች። በሰፊው የተለመደው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ አንተ በያዝከው ቡሌቲን ዘመን ነው።

ሞት ላይ ነገሩ ይጠነክራል። ዪዝኮር የሚባል የሙታን መታሰቢያ ጸሎት አለ። በዓመት አራት ጊዜ ይደረሳል፦ በዮም ኪፑር (የስርየት ቀን)፣ በዳስ በዓል ማብቂያ፣ በፋሲካ የመጨረሻ ቀን፣ በሻቩዖት (የሰባት ሳምንት በዓል)። ጸሎቱ ውስጥ ራሱ «ስለ እርሱ ምጽዋት ለመስጠት ቃል እገባለሁ» የሚል አለ። ያለ ስጦታ ጸሎቱ ጎዶሎ ነው። ከዚያ ያርጻይት የሚሉት ሙት ዓመት አለ፤ በዕብራይስጥ አቆጣጠር ይሰላል። ቤት ውስጥ 24 ሰዓት የሚነድ ሻማ ይበራል። ምኩራቡ ቀኑን አስልቶ ለቤተሰቡ ማስታወሻ ይልካል፤ አብሮም ስጦታ የሚላክበት ፖስታ ይልካል። በግድግዳው የነሐስ ሰሌዳ ላይ ከሟቹ ስም አጠገብ ትንሽ አምፖል ትበራለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዝርዝሩ ላይ መጠኑም ተጽፎ ካገኘህ 18፣ 36፣ 54 እያሉ የሚሄዱ ቁጥሮች አይጠፉም። በዕብራይስጥ ፊደላት ቁጥር «ሕይወት» 18 ስለሚሆን ነው። ለልደትም ለሞትም 18 ይሰጣል።

የቀበና ልጅ፦
እናመሰግናለን መምህር። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። በሰንበት ገንዘብ አይነኩም፣ አይጽፉም አይደል? ታዲያ ኦሪት ለማንበብ የወጣው ሰውዬ ስንት ቃል እንደገባ ማን ይመዘግባል?

ሒሳብ ሹም፦
ይህን እኔ ልመልስ፤ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሒሳብ ስለምሠራ የድሮ አሠራሮችን ማንበብ እወዳለሁ።

መልሱ የሚታጠፍ ካርድ ነው። የሰውዬው ስም ቀድሞ በካርዱ ላይ ይጻፋል። በካርዱ ዳር የተለያየ መጠን የታተመባቸው ትናንሽ ምላሶች አሉ። ሰውዬው እርሳስ አያነሳም። የፈለገውን መጠን የያዘውን ምላስ አጥፎ ካርዱን ይመልሳል። በማግሥቱ ወይም በዓሉ ሲያልፍ ጸሐፊዋ ታጥፎ ያገኘችውን ትመዘግባለች፤ ደረሰኝና ማስታወሻ ይላካል። በተለይ የዮም ኪፑር ዋዜማ ማታ ምኩራቡ ጢም ብሎ ስለሚሞላ ዋናው የዓመቱ ልመና የሚደረገው ያን ጊዜ ነው። ከ1951 በኋላ ደግሞ የእስራኤል መንግሥት ቦንድ መሸጥ ሲጀምር በዚሁ ዘዴ በየምኩራቡ ተሸጠ።

ብራና፣ ሣጥንህን ደህና አድርገህ ፈትሽ። ካርድ ካገኘህ እንዳትጥለው።

አሁን ደግሞ የማልወደውን ልናገር። በእራት ግብዣዎች ላይ ስም መጥራት የሚባል ነገር ነበር። ሰብሳቢው ካርድ ያነሳል፣ በሰው ፊት ስም ይጠራል፣ ብዙ ጊዜ አምና የሰጠውንም ያነባል። የተጠራው ተነሥቶ የዘንድሮውን ይናገራል። ሱቁ የከሰረበት ሰው በጓደኞቹና በደንበኞቹ ፊት ምን ይበል? ልጁን የዳረ፣ ሚስቱ የታመመችበት ሰውስ? ገንዘብ በደንብ አሰባስቧል፤ እውነት ነው። ሰውን በማሸማቀቅ የመጣ ገንዘብ ግን እኔን ይከብደኛል።

ነርሷ፦
እኔ ከመጽሐፍ አይደለም የማውቀው። ኒው ጀርሲ ውስጥ የአንዲት አይሁዳዊት እናት አስታማሚ ነበርኩ። በ1940ዎቹና በ50ዎቹ ብሮንክስ ያደጉ ናቸው። ማታ ማታ ሲያወሩኝ እጽፍ ነበር።

ቤታቸው ማዕድ ቤት ውስጥ ሰማያዊ የቆርቆሮ ሙዳየ ምጽዋት ነበር፤ ፑሽኬ ይሉታል። በ1901 ባዝል ላይ የተቋቋመው የአይሁድ ብሔራዊ ፈንድ የሚያድለው ነው፤ ገንዘቡ ለመሬት መግዣና ለዛፍ ተከላ ይውላል። ዓርብ ማታ ሻማ ከመብራቱ በፊት እናታቸው ሳንቲም ይከታሉ፤ ለልጆቹም አንዳንድ ሳንቲም ይሰጧቸዋል። ፈተና ሲያልፉ፣ ወንድማቸው ደብዳቤ ሲልክ፣ አክስታቸው በሰላም ስትገላገል፣ ያው ወደ ሣጥኑ ነው። «ደስታ ከመጣ ከሣጥኑ ሳትነግረው አይታመንም» ይሉኝ ነበር።

እሑድ ትምህርት ቤትም ኬረን አሚ የሚባል መዋጮ ነበር። ልጆቹ በየሳምንቱ ሳንቲም ያመጣሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ግን መምህሩ አይደለም የሚወስነው። ልጆቹ ራሳቸው ተወያይተው፣ ድምፅ ሰጥተው፣ ይህን ያህል ለሆስፒታል፣ ይህን ያህል ለስደተኛ ልጆች ብለው ያከፋፍላሉ። የአሥር ዓመት ልጅ ሆነው ቆመው ስለ ሙት ልጆች ማሳደጊያ ተከራክረው ማሸነፋቸውን ሲነግሩኝ ዓይናቸው ይበራ ነበር።

ባር ሚትስቫ ለደረሰ ልጅ ስጦታ ብለው በስሙ ዛፍ የሚያስተክሉም ብዙ ነበሩ። ዛፉ ያለው እስራኤል ነው፤ ልጁ የሚይዘው የምስክር ወረቀቱን ነው። እርሳቸውም የወንድማቸውን እስከ እርጅና በፍሬም አስቀምጠውት ነበር።

የእናታቸውን ነገር ባልጽፍ ቅር ይለኛል። የሀዳሳ አባል ነበሩ። ሀዳሳን ሄንሪየታ ሶልድ በ1912 ኒው ዮርክ ነው የመሠረተችው፤ ኢየሩሳሌም ላይ ሆስፒታል የገነባ የሴቶች ማኅበር ነው። በዓመት አንድ ትልቅ የምሳ ግብዣ አለ። መግቢያውን በአንዴ ከፍለሽ አትገቢም። ዓመቱን ሙሉ ኬክ ጋግረሽ ሸጠሽ፣ ያገለገለ ልብስ ሰብስበሽ፣ የልደትና የሐዘን ካርድ ሸጠሽ ድርሻሽን ትሞያለሽ። ማህጆንግ ጨዋታው ሳይቀር ለበጎ ሥራ ነበር። በ1937 ኒው ዮርክ ውስጥ አይሁዳውያን ሴቶች የማህጆንግ ሊግ አቋቁመው፣ የምኩራብ ሴቶች የሊጉን ካርድ በማኅበራቸው በኩል ሲገዙ ለበጎ አድራጎት ድርሻ ይሰጥ ነበር።

ብራና፦
ነርሷ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፍሽው አንድ ነገር ፈታልኝ። በቡሌቲኖቹ ሴቶቹ በራሳቸው ስም የሉም። ሁሉም «ሚስስ» ተብለው በባላቸው ሙሉ ስም ነው የተጻፉት። ሴትዮዋ ማን እንደምትባል የማውቀው ሞታ ልጇ መታሰቢያ ሲሰጥላት ነው። በሕይወት ሳለች የራሷ ስም አንድም ቦታ የለም። አሁን ስታስረጂን ግን ግማሹን ሥራ የያዙት እነሱ እንደሆኑ ገባኝ። የሐዘን ካርዱን የምትልከው፣ ማን እንደወለደ የምታውቀው፣ የአበባውን ፈንድ የምትይዘው እሷ ናት። ይህ ሳይጻፍ እንዳይቀር ስካን ሳደርግ የመጀመሪያ ስማቸውን የተገኘበት ገጽ ላይ ማስታወሻ እያደረግኩ ነው።

ከናታኒያ፦
ሻሎም ሰላም። ከእስራኤል ነኝ፣ ቤተ እስራኤል ነኝ። ይህን ክር ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የእነዚያ ሴቶች ምሳ ግብዣ የእኛን ሰዎች ነክቷል። ብዙ ሰው አያውቅም። ያኔ ሚዝራሂ ሴቶች ይባል የነበረ የአሜሪካ ሃይማኖተኛ ሴቶች ማኅበር አለ። በ1925 ቤሲ ጎትስፌልድ መሠረተችው። ማኅበሩ ራዓናና ላይ ክፋር ባትያ የተባለ የወጣቶች መንደር ሠራ፤ በመሥራቿ የዕብራይስጥ ስም ነው የተሰየመው። በመጀመሪያ ከአውሮፓ እልቂት የተረፉ ልጆች ገቡበት።

በ1955 እና በ1956 ደግሞ ከኢትዮጵያ 27 የቤተ እስራኤል ወጣቶች በሁለት ዙር ወደዚያው መጡ። በዚያ ዘመን የአይሁድ ኤጀንሲ አስመራ ላይ አዳሪ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። ልጆቹ ከጎንደር መንደሮች ተነሥተው፣ ዕብራይስጥ ተምረው፣ መምህር ሆነው እንዲመለሱ ታስቦ ነው የመጡት። አብዛኞቹም ተመልሰው በየመንደሩ አስተምረዋል። እኛ በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰሎሞን ከመምጣታችን ከብዙ ዓመት በፊት ማለት ነው።

እንግዲህ አስቡት። ኦሃዮም ትሁን ብሮንክስ አንዲት እናት ለልጇ ሠርግ ወይም ለእናቷ ሙት ዓመት ለማኅበሯ ትሰጣለች። ያ ገንዘብ ተጠራቅሞ አልጋ፣ ዳቦ፣ መምህር ይሆናል። ከአምቦበርና ከአካባቢው ስለሚመጡ ልጆች ምንም አታውቅም። እነሱም ስሟን አያውቁም። እኔ የእነዚያን መምህራን ተማሪዎች አግኝቼ አውርቻለሁ። ያስተማሯቸውን መዝሙር እስካሁን ይዘምሩታል።

ሌላም ልበል። በእኛ ወግ ባር ሚትስቫ አልነበረም፤ እዚህ ከመጣን በኋላ የያዝነው ነው። ግርዛት በ8ኛው ቀን ግን ነበረን፤ ተዝካርም ነበረን። ተዝካር ስንደግስ ቄሱ ይጸልያሉ፣ የመጣ ሁሉ ይበላል። ደጅ የቆመ ችግረኛ ሳይበላ አይመለስም። መምህሩ ስለ ዪዝኮር ሲጽፉ ሩቅ አልሆነብኝም።

የቀበና ልጅ፦
ከናታኒያ የጻፍከው ልቤን ነካው። እኔን አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል፤ የስም ማውጣቱ። እኛ «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» ተብለን ነው ያደግነው። በየሳምንቱ ጋዜጣ ላይ ማተም፣ በነሐስ መቅረጽ፣ በእራት ላይ መጥራት፣ ይህ ታይታ አይሆንም? የሃይማኖቱ ሊቃውንትስ ዝም አሉ?

መምህሩ፦
ዝም አላሉም፤ እንዲያውም ብዙ ተከራክረዋል።

ታላቁ የአይሁድ ሊቅ ሙሴ ማይሞንዲስ በ12ኛው መቶ ዘመን ምጽዋትን በስምንት ደረጃ አስቀምጧል። ሰጪው ተቀባዩን፣ ተቀባዩም ሰጪውን የማያውቅበት ሁለተኛው ከፍተኛ ደረጃ ነው። በጥንቱ ቤተ መቅደስም የምስጢር ክፍል የሚባል እንደነበር ሚሽና (ጥንታዊው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ) ይነግረናል፦ ሰጪው በስውር ያስቀምጣል፣ ከጨዋ ቤተሰብ የወጣው ድኻ በስውር ይወስዳል። ከሁሉ የሚበልጠው አንደኛው ደረጃ ግን ድኻው ጭራሹን እንዳይለምን ማድረግ ነው፤ በብድር፣ በሽርክና፣ በሥራ። ኒው ዮርክ ላይ በ1892 የተቋቋመው ወለድ አልባ ብድር የሚሰጥ ማኅበር ይህንን ነው የያዘው። የብዙ ስደተኛ ሱቅና የልብስ ስፌት መኪና ከዚያ ነው የወጣው።

በሌላ በኩል በ13ኛው መቶ ዘመን ባርሴሎና የነበሩት ረቢ ሰሎሞን ኢብን አድሬት ለምኩራብ የሰጠ ሰው ስሙን ማስጻፍ ይችላል ብለው ፈርደዋል። ማስረጃቸው ኦሪት ናት፤ ሮቤል ዮሴፍን ከወንድሞቹ እጅ ለማዳን መጣሩን በስም ጽፋለች፤ በጎ የሠራን መጻፍ ሌላውን ያነሣሣል ነው የሚሉት።

የእኔ ሐሳብ ይኸው ነው። ለድኻ የሚሰጠውና ለተቋም የሚሰጠው ይለያያል። ለችግረኛው የተሰጠ ይሰወር፤ የተቀባዩን ክብር ይጠብቃል። የጸሎት መጽሐፍ ሲገዛ ግን የሚያፍር ተቀባይ የለም። ደግሞ ብዙው ጽሑፍ የሰጪውን ስም ብቻ አይደለም የሚያወጣው፤ የተሰጠለትን ሰው ስም ነው። የሟች እናት፣ የዳነ ጎረቤት፣ የተወለደ ሕፃን። ጎረቤት ያንን ሲያነብ ገንዘቡን አይደለም የሚያየው፤ ቅዳሜ ሲገናኙ «ልጁ እንዴት ነው?» ይላል።

ሒሳብ ሹም፦
በዚህ እስማማለሁ መምህር። የእኔ ቅሬታ በእራቱ ስም ጥሪ ላይ ነው እንጂ በቡሌቲኑ ላይ አይደለም።

ቢሆንም ዘመኑን ማየት ያስፈልጋል። የተባበሩት የአይሁድ ልመና የሚባለው ድርጅት የተመሠረተው በጥር 1939 ነው፤ ጀርመን ውስጥ ምኩራቦች ከተቃጠሉ ሁለት ወር ብቻ አልፎ ነበር። ጦርነቱ አልቆ የእልቂቱ ልክ ሲታወቅ ለ1946 ዘመቻ 100 ሚሊዮን ዶላር ግብ ተያዘ። ለዚያ ጊዜ ተሰምቶ የማያውቅ መጠን ነው። በጥር 1948 ጎልዳ ሜየርሰን፣ በኋላ ጎልዳ ሜየር የተባሉት፣ ቺካጎ መጥተው ለማኅበረሰቡ መሪዎች ተናገሩ። ያንን ጉዞ ሲጨርሱ ይዘው የተመለሱት ቃል 50 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ጆይንት የተባለው የእርዳታ ድርጅት ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ የየመን አይሁዶችን ያጓጓዘው ከዚህ ከዚህ በተሰበሰበ ገንዘብ ነው። ያኔ በየአዳራሹ የሚቀመጡት ሰዎች ዘመዶቻቸውን አውሮፓ ላይ ያጡ ናቸው። ጫናው የበዛው ከዚያ ሐዘን ነው። ይህን ሳውቅ ፍርዴ ይለዝባል፤ ግን አይጠፋም።

ነርሷ፦
ሒሳብ ሹም የጻፍከው ያስታመምኳቸውን እናት የአባታቸውን ነገር አስታወሰኝ። አባታቸው ከፖላንድ አንዲት ትንሽ ከተማ የመጡ ናቸው። ኒው ዮርክ ውስጥ የዚያች ከተማ ተወላጆች ማኅበር ነበራቸው፤ ላንድስማንሻፍት ይባላል። የእኛን ዕድር የሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም። ወርኃዊ መዋጮ፣ ለታመመ ድጎማ፣ ለሞተ የቀብር ቦታ። ኩዊንስ ያለው ማውንት ሂብሮን መቃብር ውስጥ እንዲህ ያሉ ማኅበራት ክልል ክልላቸውን ገዝተው በሩ ላይ የከተማቸውን ስም አስቀርጸዋል።

ከጦርነቱ በኋላ ከዚያች ከተማ የተረፈ ጥቂት ሰው ብቻ ነበር። ማኅበሩ ልጅ ሲዳር፣ ልጅ ሲወለድ የሚሰጠውን ሁሉ ወደ ስደተኞች ካምፕ ጥቅል መላኪያ አዞረው። የእርሳቸውም ሠርግ ላይ አባታቸው ከምግቡ በፊት ተነሥተው የሞቱትን ዘመዶች ስም አንብበው፣ በእያንዳንዱ ስም ገንዘብ አስቀምጠው ነው ሙዚቃው የተጀመረው። ሙሽራዋ አለቀሱ፤ ከዚያ ጨፈሩ። «ያለዚያ ሠርጉ የእኔ ብቻ ይሆን ነበር» አሉኝ።

ከናታኒያ፦
ነርሷ፣ የጻፍሽውን ማስታወሻ ሁሉ አታጥፊው። ቤተሰባቸው ካለ ቅጂ ስጪያቸው።

ነርሷ፦
ልጃቸው ጋ አለ። ፈቃድ ጠይቄ ነው እዚህ ያለ ስም የጻፍኩት።

ብራና፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የ1946ቱንና የ1948ቱን ቡሌቲኖች እንደገና አየኋቸው። ሒሳብ ሹም እንዳለው ነው። ከአበባና ከጸሎት መጻሕፍት ፈንድ ጎን ለባሕር ማዶ እርዳታ የሚለው እየበዛ ይሄዳል፤ አንዳንድ ሳምንት ከሁሉም ይበልጣል። የልደትና የባር ሚትስቫ ስጦታ ሳይቀር ወደዚያ ዞሯል።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለመምህሩ። ለበኩሩ ቤዛ የሚሰጡት አምስቱ የብር ዶላር ካህኑ ኪስ ገብተው ይቀራሉ? በአንዱ ቡሌቲን ላይ አንድ ሕፃን ከተዋጀ በሚቀጥለው ሳምንት የካህኑ ስም ከለጋሾች ዝርዝር ውስጥ አለ።

መምህሩ፦
በሕጉ ገንዘቡ የካህኑ ነው፤ ሊያስቀረው ይችላል። ብዙዎቹ ግን ለሕፃኑ መልሰው በስጦታ ይሰጡታል፣ ወይም ለምጽዋት ያውሉታል። አንተ ያገኘኸው ካህን ሁለተኛውን መርጦ ይሆናል። ሕፃኑም በዚያ ዝርዝር ላይ በስሙ ተጠቅሶ ከሆነ ገጹን እዚህ ብታወጣልን ደስ ይለኛል፤ የቤተሰቡን ስም ሸፍነህ።